ታንኳዬን 3 ጊዜ የገለበጠው ጥቅልል ውሃ፦ እንዴት ሰንጥቄ ልውጣ? (ነገ ጠዋት እዚያው ነኝ)

እርጥቡ፦ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ዛሬ አንድ ቦታ ላይ 3 ጊዜ ሞከርኩ፣ 3ቱንም ጊዜ ዋኝቼ ወጣሁ። ውሃው ከድንጋይ ላይ ይወርድና ከስር ገብቶ ነጭ አረፋ ሆኖ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ሆል የሚሉት ነው። የታንኳው አፍንጫ አረፋው ውስጥ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ ግልብጥ። ምንድን ነው የማጠፋው?

ከዳር ተመልካች፦ በ3 ሙከራ ስንት ሊትር ጠጣህ? ትንሽ ከበረታህ ወንዙ ደርቆ በእግርህ ትሻገራለህ።

ፈጣኑ፦ ፍጥነት! ከላይ ጀምረህ ባለ በሌለ ኃይልህ ቅዘፍ። ሌላ ምስጢር የለውም።

ጋሽ መቅዘፊያ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃውን እወቀው። ላይ ላዩን የምታየው አረፋ የሚሄደው ወደ ታች፣ ማለትም ወንዙ ወደሚፈስበት፣ አይደለም፣ ወደ አንተ ነው የሚመጣው። ወደ ታች የሚሄደው ውሃ ከስሩ ነው ያለው። አረፋ ደግሞ አየር የበዛበት ስለሆነ ታንኳ በደንብ አይሸከምም፣ መቅዘፊያህም የሚይዘው ነገር ያጣል። እኛ ዳር ቆመን እንጨት ወርውረን እናይ ነበር። እንጨቱ እየዞረ እዚያው ከቀረ አንገባም። ዛሬ ግን መጀመሪያ ቪዲዮ ነው።

ወራጅ፦ እኔ ግን መግባትህ ራሱ አልገባኝም። ለምን በዳር አታልፍም?

እርጥቡ፦ በግራ ዛፍ ወድቆበታል። በቀኝ ጥልቀት የለውም፣ ድንጋይ ነው።

ወራጅ፦ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም? ለዛፉ በጭራሽ እንዳትጠጋ፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ አንተ ግን ትቀራለህ። ታንኳው ክፍት ነው? የአየር ከረጢት አለው? ተንበርክከህ ነው የምትቀዝፈው?

እርጥቡ፦ ክፍት ነው። ከረጢት የለውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው። ለውጥ አለው እንዴ?

ከዳር ተመልካች፦ 😂 አሁን ገባን።

ወራጅ፦ አለው እንጂ! 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 150 ሊትር ከገባብህ 2 ሰው ጭነህ እንደ መቅዘፍ ነው። ከረጢቱ ያንን ቦታ ይይዝልሃል። ተንበርከክ፣ ጉልበትህን ከፈት አድርገህ ወለሉ ላይ። ቀጥ ብለህ ግባ፤ ትንሽ ካጋደልክ ያዞርሃል። ከአፋፉ ስትወርድ አፍንጫው እንዳይቀበር ሰውነትህን ትንሽ ወደ ኋላ አድርግ። ዋናው ግን የመጨረሻዋ ቅዝፊያ ናት። አረፋው ላይ ስትደርስ ወደ ፊት ተዘርግተህ መቅዘፊያውን ከአረፋው ማዶ ወይም በጥልቀት ከስሩ ትከል። ወደ ታች የሚሄደውን ውሃ ያዝና ራስህን ጎትት።

ፈጣኑ፦ ፍጥነት አልኩ እኮ።

ወራጅ፦ ፍጥነትማ ያስፈልጋል። አረፋው ሲመታህ መቅዘፍ ካቆምክ ግን የመጣህበት ፍጥነት እዚያው ያልቃል።

እርጥቡ፦ ወይኔ! አሁን ሳስበው ልክ አረፋው ፊቴን ሲመታኝ ግራ እጄ መቅዘፊያውን ለቆ የታንኳውን ጠርዝ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። 3ቱንም ጊዜ።

ጋሽ መቅዘፊያ፦ ያ ነው ልጄ። ወደ ጎን ከዞረብህ ደግሞ ሽቅብ አትደገፍ፣ የሚወርደው ውሃ ይገለብጥሃል። ወደ ታች፣ ወደ አረፋው ተደገፍና መቅዘፊያውን እዚያው አሳርፍ። ከዚያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እየቀዘፍክ በጫፉ ውጣ። የሆሉ ጫፎች ግን እንዴት ናቸው? ከላይ ቆመህ ስታይ ወደ ታች የተጠማዘዙ ከሆነ በጎን ይተፋሃል። ወደ አንተ የታጠፉ ከሆነ ወደ መሃል ይመልስሃል። እንደዚያ ከሆነ ታንኳህን ተሸክመህ እለፍ፣ ነውር የለውም። ሰው የሠራው፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ግድብ ከሆነማ ጭራሽ አትሞክረው። መውጫ ጫፍ የለውም።

ወራጅ፦ ከታች ገመድ የሚወረውር ሰው ዳር ላይ አቁም። ብቻህን አትግባ።

እርጥቡ፦ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ ጫፎቹም ወደ ታች ናቸው መሰለኝ፤ ጠዋት ደግሜ አያለሁ። ከረጢት የሚያውሰኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ ገመድ የሚይዝልኝም አለ። ነገ ማታ እነግራችኋለሁ።

ከዳር ተመልካች *(ከ4 ቀን በኋላ)*፦ እርጥቡ? ደረቅህ?

ፈጣኑ፦ ፍጥነት አንሶት ነው።