ሳይነካ እንደተጫነ የሚቆይ የግራ ኮንትሮል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ማመልከቻና ውል የምጽፍበት ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሲሆን፣ የግራው ኮንትሮል (Ctrl) ቁልፍ ማንም ሳይነካው እንደተጫነ ስለሚቆይ «ስምምነት» ብዬ ለመጻፍ ኤስን ስነካ ፊደሉ በመውጣት ፈንታ ሴቭ ማድረጊያው መስኮት ይከፈታል፤ የማውዙን ጎማ ሳዞር ደግሞ ገጹ ይተልቃል ወይም ያንሳል። እንደ ኮንትሮል ያሉ ቁልፎች አንዴ ከተነኩ በኋላ እንደተጫኑ እንዲቆጠሩ የሚያደርገውን የዊንዶውስ አማራጭ፣ ስቲኪ ኪይስን፣ አጠፋሁት፤ ለውጥ የለም። በስክሪኑ ላይ የሚከፈተው ኪቦርድ የግራውን ኮንትሮል ብቻ እንደተጫነ ስለሚያሳይ፣ የምጠረጥረው ከመንገዱ የሚገባውን አቧራ ነው፤ በአልኮል ሳጸዳው ለጥቂት ጊዜ ተሽሎት እንደገና አገረሸበት። በዩኤስቢ ሌላ ኪቦርድ ብሰካም የላፕቶፑ ቁልፍ ምልክት መላኩን ስላላቋረጠ ችግሩ አልተወገደም። ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር የተያያዘ በመሆኑ ማስቀየሩ ውድ ነው። የቀኙ ኮንትሮል እየሠራ የግራውን ብቻ በዊንዶውስ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት መዝገብ) በኩል እንዳይሠራ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?