ስቶን ታውን (ዛንዚባር) ያሉት የድሮ ካቴድራሎች፣ የቱን ልይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ሰዎች፣ ዛንዚባር ግማሽ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ከአንግሊካኑና ከካቶሊኩ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አንግሊካኑ፣ ምንም ጥያቄ የለውም! የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ ነው የተሰራው፣ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘጋና እዛው ግንባታው ተጀመረ፣ መሰዊያው ጋ ወለሉ ላይ ክብ ምልክት አለች፣ ባሮቹ የሚገረፉበት ግንድ እዛ ነበር ይባላል። በሩ አካባቢ ያሉትን አምዶች ደግሞ ልብ ብለህ እያቸው፣ ተገልብጠው ነው የቆሙት 😂 ግንባታውን የመራው ጳጳስ ስቲር በሌለበት ሰራተኞቹ ዘቅዝቀው ተከሏቸው ነው ወሬው። ግቢው ውስጥ ግን ሳቅ የለም፣ ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ሀውልቶች አሉ፣ እኔ ቶሎ መሄድ አቃተኝ።

መልስ፦ የስኮትላንዳዊው ሚሲዮናዊና አሳሽ የሊቪንግስተን ልብ ሥሩ ከተቀበረበት ዛፍ እንጨት የተሰራውን መስቀልም እንዳትረሳ፣ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ካቶሊኩንም አትናቁት እንጂ 🙂 ቅዱስ ዮሴፍ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የሰሩት ነው፣ መንታ ማማዎቹ ከባህር ላይ ጥርት ብለው ይታዩሃል፣ ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ስትገባ ግን የት እንደገቡ ይጠፋሃል። በእግር ሁለቱንም ታዳርሳለህ።

ጠያቂው፦ በቃ ከአንግሊካኑ እጀምራለሁ፣ ተባረኩ!