ልጆቼ ያለ ኮከብ አንንቀሳቀስም አሉኝ፤ ጨዋታውን ላቁመው ወይስ ላስተካክለው?

ጥያቄ፦ እናት ከሰሚት

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 10፣ ወንዱ 7 ዓመታቸው ነው። ጠዋት ከአልጋ ማስነሳት፣ የቤት ሥራ ማሠራት፣ ማታ ጥርስ ማስቦረሽ ሁሉም በጭቅጭቅ ሆኖብኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። አልጋውን ያነጠፈ 1 ኮከብ፣ ሳይነገረው ጥርሱን የቦረሸ 1፣ የቤት ሥራውን በሰዓቱ የጨረሰ 2፣ መጽሐፍ 20 ደቂቃ ያነበበ 3 ኮከብ ያገኛል። በሳምንቱ ብዙ ኮከብ የሰበሰበው ቅዳሜ የሚበላውን ይመርጣል። ከዚያ ደግሞ ኮከባቸውን በስልክ ደቂቃ ይመነዝሩታል።

መጀመሪያ ላይ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። እየተሽቀዳደሙ ነበር የሚነሡት። አሁን ግን ሦስት ነገር አስጨንቆኛል። አንደኛ፣ ለአያታቸው ውሃ አምጡ ስላቸው «ስንት ኮከብ ነው?» ይሉኛል። ሁለተኛ፣ ትንሹ ተስፋ ቆርጧል። «ድሮም እሷ ናት የምታሸንፈው» ብሎ አልጋውን እንኳ አያነጥፍም። ሦስተኛው ግን በጣም የሚያሳዝነኝ ነው። ልጄ ማንበብ ትወድ ነበር። አሁን ቀጭን ቀጭኑን መጽሐፍ እየመረጠች፣ ዓይኗን ሰዓቱ ላይ ጥላ ገጽ ትገልጣለች። 20 ደቂቃው ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ ሳትጨርስ ትዘጋዋለች።

ባለቤቴ «ቅደጂውና እንገላገል» ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳስብ ይቆጨኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጌም ሠሪ

እህቴ፣ ሥራዬ የስልክ ጌም መሥራት ነው። ሠንጠረዥሽ መጥፎ አይደለም፤ ግን ከጌም የወሰደው ነጥቡን ብቻ ነው። የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እዪ። ስንት ለስንት እንደሆኑ ተምታቶባቸው እንኳ እስኪመሽ ይጫወታሉ። ነጥቡ ቢጠፋም ጨዋታው አለ። እናንተ ቤት ግን ነጥቡ ከጠፋ የሚቀር ነገር የለም።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት የሠሩበት ሐሳብ አለ። ሰው አንድን ነገር ከልቡ የሚያደርገው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው ይላሉ፦ በራሱ ፈቃድ ሲያደርገው፣ እየቻለ መምጣቱን ሲያይ፣ ከሌሎች ጋር ሲተሳሰር። እስቲ ሠንጠረዡን በዚህ መዝኚው። ሥራውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ዋጋውንም የተመንሽው አንቺ ነሽ። እህትና ወንድሙ ደግሞ ተቀናቃኝ ሆነዋል።

ንባቡን ዛሬውኑ ከሠንጠረዡ አውጪው። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት ውስጥ በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆች ተመረጡ። አንዱ ቡድን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሌላው ሳይነገረው በድንገት ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በኋላ ማርከሩ ያለ ምንም ሽልማት ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሳል የሰጡት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ገደማ ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ልጅሽም ላይ የማየው ይህንኑ ነው። ድሮ የምታነበው ታሪኩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነበር። አሁን የምታነበው ለ3 ኮከብ ነው። መጽሐፉን ራሷ ትምረጥ፣ ሰዓቱ ይቅር። ማታ ማታ ለአያቷ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ብታነብላቸውና እሳቸው «ከዚያስ?» ቢሏት ከኮከብ ይበልጣል።

አልጋ ማንጠፍና ጥርስ መቦረሽን ድሮም የሚወድ ልጅ ስለሌለ እዚያ ላይ ኮከቡ ያን ያህል አይጎዳም። ግን አሰልቺውን ሥራ ራሱን ጨዋታ ማድረግም ይቻላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ ኦደንፕላን በሚባል የባቡር ጣቢያ ደረጃውን ፒያኖ አደረጉት። እያንዳንዱ ደረጃ ሲረገጥ ድምፅ ያወጣል። ያሠራው ቮልስዋገን ነበር፤ በእነሱ ቆጠራ ከወትሮው በ66 በመቶ የበለጠ ሰው ተንቀሳቃሹን ደረጃ ትቶ በእግሩ ወጣ። ነጥብ የለ፣ ሽልማት የለ። አንቺም ጠዋት አንድ ዘፈን ክፈቺና «ሳያልቅ ሁላችንም ለብሰን እንጨርስ» በያቸው። ዘፈኑን በየተራ እነሱ ይምረጡት። የእንዲህ ዓይነት ነገር ደስታው አዲስነቱ ላይ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ቀያይሪው።

መልስ፦ መምህር ከደብረ ብርሃን

እኔ ስለ ትንሹ ልጅ ልናገር። እኛ አገር «ስንተኛ ወጣህ?» ሳይባል ያደገ ልጅ የለም። ደረጃ ማለት እኮ እናንተ ነጥብ የምትሉት ነው። ለረጅም ዓመት የክፍል ኃላፊ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ደረጃ የሚያተጋው ከላይ ያሉትን አምስት ስድስት ልጆች ነው። እነሱ በግማሽ ነጥብ ይጣላሉ። 40ኛ የወጣው ግን ካርዱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር 38ኛ ለመውጣት ብሎ የሚያጠና አላየሁም። የ7 ዓመት ልጅ ከ10 ዓመት እህቱ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲወዳደር ከመጀመሪያው ተሸናፊ ነው። እሱም ገብቶታል። ሰነፍ እንዳትዪው።

ክፍሌ ውስጥ ያደረግኩትን ሞክሪው። ግድግዳው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጠርን። መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ልጅ የመጽሐፉን ርዕስ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሲባጎው ላይ ይሰቅላል። የልጁ ስም አይጻፍም። ሲባጎው ከጥግ እስከ ጥግ ሲሞላ ክፍሉ በሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ውጭ ወጥቶ ይጫወታል። ጎበዙ አምስት ሰቀለ፣ ደካማው አንድ ሰቀለ፤ ግን የደካማው አንድም ሲባጎውን ትሞላለች። «አንተም አንብብ እንጂ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ሲባባሉ ስሰማ ደስ አለኝ። እናንተ ቤት አንድ ብርጭቆ ዕቃና ሽምብራ ይበቃል። ማንም የሠራ አንድ ፍሬ ይጨምራል። ሲሞላ ሁላችሁም አብራችሁ ትወጣላችሁ።

እንቆቅልሽንም አስቡት። መልሱን ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይ ሐረርን ይሰጣል። ተቀባዩም «ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ ይኩራራል። ከዚያ ቀጣዩ እንቆቅልሽ ይመጣል። የተሰጠው አገር እጅ ላይ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ልጆች ግን እንቅልፍ እስኪጥላቸው ይጫወቱታል።

መልስ፦ እህታችሁ ከሃይፋ

ባለቤትሽ «ቅደጂው» ያለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የምኖረው እስራኤል ነው፤ የምሠራውም ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። እዚሁ ሃይፋ የተደረገና በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በ10 ማቆያዎች ነው የተሠራው። ከእነሱ በአንዳንዶቹ ልጁን ለመውሰድ ከ10 ደቂቃ በላይ ያረፈደ ወላጅ 10 ሼቄል እንዲቀጣ ተደረገ። አርፋጁ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ድሮ ወላጅ ያፍር ነበር፤ አስተማሪዋን ማስጠበቅ ይሉኝታ ነበረው። ቅጣቱ ሲመጣ «እከፍላለሁ» ሆነ። የሚገርመው ደግሞ ቅጣቱ ሲነሣ አርፋጁ ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ለዚህ ነው ወረቀቱን በአንድ ሌሊት መቅደድ ብቻውን አይበቃም የምለው። «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ አፋቸው ላይ ይቆያል። መጀመሪያ ዋጋ የማይወጣለትን ነገር ለይተሽ ንገሪያቸው። ለአያት ውሃ ማቅረብ፣ ለታመመ ማዘን፣ እንግዳ መቀበል የቤተሰብ ናቸው፤ መቼም ኮከብ አይኖራቸውም። «ስንት ኮከብ ነው?» ሲሉሽ አትቆጪ። «ይሄ የእማማ ነው፣ ኮከብ የለውም» በያቸውና ቀጥዪ። አያታቸው «ተባረኩ፣ እደጉ» ብለው ሲመርቋቸው እዚያው ይስሙት። ያ ምርቃት ይበቃቸዋል።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ

ሁላችሁም ሽልማትን ክፉ አደረጋችሁት፤ እኔ አልስማማም። ዕቁብን እዩ። ብቻውን 500 ብር ማስቀመጥ የማይችል ሰው ዕቁብ ሲገባ ሳያዛንፍ ይጥላል። ሰው ይጠብቀዋል፣ ዕጣውም መቼ እንደሚወጣለት አያውቅም። ያ ጉጉት ጉልበት አለው። ስለዚህ ሥራ በዕጣ ይከፋፈል። ሥራዎቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ሳህን ውስጥ ጨምሩና ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ያውጣ፤ አባትም ጭምር። «ለምን እኔ?» የሚል ጭቅጭቅ በአብዛኛው ይቀራል።

ሌላው አጀማመሩ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ መኪና ማጠቢያ ላይ ተሠርቷል። ለግማሾቹ ደንበኞች 8 ማኅተም ሲሞላ አንድ ነፃ እጥበት የሚያስገኝ ካርድ ተሰጠ። ለሌሎቹ 10 ማኅተም የሚፈልግ፣ ግን ሁለቱ አስቀድመው የተመቱበት ካርድ ተሰጠ። ልፋቱ እኩል 8 ነው። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ የሞሉት 19 በመቶ ሲሆኑ ከሁለተኛዎቹ 34 በመቶ ሆኑ። መንገድ የጀመረ ሰው መጨረስ ይፈልጋል። የመምህሩን የሽምብራ ዕቃ ከባዶ አትጀምሪው። «ይሄ እስካሁን ለሠራችሁት ነው» ብለሽ ጥቂት ጨምሪበት።

እንዲሁም ልጅ አንድ ቀን ስላመለጠው ሁሉ ነገር ዜሮ አይሁንበት። ዱኦሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መተግበሪያ በተከታታይ የተማርሽባቸውን ቀናት ይቆጥራል፤ ግን አንድ ቀን ብታመልጪ ቆጠራው እንዳይቋረጥ የሚያደርግ መከላከያም አለው። ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ እርስዎ ስለ 40ኛው ልጅ ያሉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ እሱም ዝም ብሎ ሰማኝ። ንባቡን አውጥቻለሁ። ሽምብራውንም እንጀምራለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የስልክ ደቂቃውን ምን ላድርገው? እሱን ካነሣሁ አብዮት ይነሣል።

ጌም ሠሪ

ስልኩን ሽልማት ስታደርጊው ከቤቱ ሁሉ ውድ ዕቃ እሱ እንደሆነ እየነገርሻቸው ነው። ከሠንጠረዡ ለይው። በሰዓት ይሁን፤ ለምሳሌ ከቤት ሥራ በኋላ ሁልጊዜ ያው ጊዜ፤ ጥሩ ቢሆኑም ባይሆኑም አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስልኩን በመከልከል መቅጣትም ይቅር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ጽኚ።

ሕጉን ግን አንቺ አታውጪው። ወረቀትና እርሳስ ስጪያቸውና ራሳቸው ያውጡት። ትንሹ ለራሱ የሚያዳላ ሕግ ማምጣቱ አይቀርም። «እኔ ትንሽ ስለሆንኩ ሁለት ሽምብራ» ሊልሽ ይችላል። አትከልክዪው። እህቱ ትከራከረው፣ አንድ ሳምንት ይሞክሩት፣ ካልሠራ እሑድ ማታ ያሻሽሉት። ያ ክርክር ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው።

መምህር ከደብረ ብርሃን

ዕቃው ትንሽ ይሁን፤ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። የመጀመሪያው በሁለት ሳምንት ውስጥ መሙላት አለበት፤ አለበለዚያ ትንሹ እንደገና ተስፋ ይቆርጣል። ሽምብራውን ደግሞ ራሱ ይጨምር፤ አንቺ አትጨምሪለት።