ጥቆማ፦ ክሮም ላይ ብቅ ብቅ የሚለውን ማስታወቂያ በምን ላጥፋው?

ሥራ ፈላጊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ሳምሰንግ ኤ14 ነው፣ የምጠቀመው ክሮም። ቀኑን ሙሉ ክፍት የሥራ ቦታ ሳስስ ነው የምውለው። ገጹን ከፍቼ ገና ደሞዙን እንኳ ሳላነብ ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን ማስታወቂያ ይመጣል። መዝጊያዋ ኤክስ የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ልነካት ስል ገጹ ሸርተት ይልና ጣቴ ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። ትናንት ደግሞ «ስልክዎ በ4 ቫይረስ ተጠቅቷል» ብሎ ስልኩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ደነገጥኩ። የሳምንቱ ፓኬጅ በሦስት ቀን አለቀብኝ። ብራውዘር ልቀይር? ብሬቭ፣ ፋየርፎክስ ወይስ ኦፔራ ሚኒ? ወይስ ሱቅ ወስጄ ላስጸዳው? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የመገናኛው፦
እህቴ አትድከሚ። መገናኛ ምድር ቤት የሚሠራ ልጅ አለ፣ ስድስት ዓመት ደንበኛው ነኝ። የኔንም፣ የባለቤቴንም፣ የእናቴንም ስልክ የሚያየው እሱ ነው። ምን እንደሚጭን ጠይቄው አላውቅም፤ ሰጥቼው ማኪያቶ ጠጥቼ ስመለስ ንጹህ ነው። አድራሻውን በውስጥ እልክልሻለሁ።

ሁለት ሲም፦
እኔንም አስመርሮኛል። በአጭር ቁጥር ይመጣና «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፣ ከዚያ በየቀኑ ሂሳብ ይቆርጣል። ወደዚያው ቁጥር ስቶፕ ብለሽ ላኪ። የኔ ቆሟል።

ሥራ ፈላጊዋ፦
አመሰግናለሁ፣ የኔ ግን ኤስኤምኤስ አይደለም። ድረ ገጽ ስከፍት የሚመጣው ነው።

ቡታጅራ፦
ኦፔራ ሚኒ! ከኖኪያ ጊዜ ጀምሮ ሌላ አልነካሁም። ገጹን ጨምቆ ስለሚያመጣው ዳታ ይቆጥባል፣ የማስታወቂያ መከልከያውም አብሮት አለ።

እናት ዓለም፦
እባክሽ ሱቅ ይዘሽ እንዳትሄጂ። እኔም ልክ እንዳንቺ ማስታወቂያ ሰልችቶኝ ነው የወሰድኩት። 500 ብር ተቀበለኝና «ከሰዓት ነይ» አለኝ። ስመለስ ስልኩ ከካርቶን እንደወጣ ሆኖ ጠበቀኝ። ሳይጠይቀኝ ፎርማት አድርጎታል። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ሆስፒታል ተኝቶ እጄን ይዞ ሲስቅ ያነሳሁት ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። «ባክአፕ አልነበረሽም እንዴ?» አለኝ፣ በቃ። ማስታወቂያው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ።

ሰሚት 3፦
ውይ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ብሩን አስመልሺ፣ ዝም አትበይ።

ከሪያድ፦
ነፍስ ይማር እናቴ። ተስፋ አትቁረጪ። በድሮው ጂሜይልሽ ጉግል ፎቶስ ግቢ፤ ባክአፑ ሳታውቂውም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ከተከፈተ ስልኩ ቢጸዳም ፎቶው አካውንትሽ ላይ ይኖራል። ቴሌግራምንም እይ። ለዘመድ የላክሽው ፎቶ የሚቀመጠው ስልክሽ ላይ ብቻ አይደለም። የላክሽለትን ሰው ስም ከላይ ነክተሽ ሚዲያ የሚለው ውስጥ ወደ ኋላ ሂጂ። እኔ እዚህ ስልኬ ተሰርቆ የልጄን ክርስትና ፎቶ ያገኘሁት ከእህቴ ቻት ላይ ነው።

የመገናኛው፦
ያሳዝናል። ግን ሁሉንም በአንድ ዓይን አንይ፣ የኔ ልጅ እንደዚያ አያደርግም።

ዝዋይ ማዶ፦
ስድስት ዓመት ሙሉ እየተመላለስክ ስልኩ አሁንም አልጸዳም ማለት ነው?

የመገናኛው፦
የማታውቀውን ሰው እንጀራ አትንካ። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ጠጋኙ፦
እኔም የምተዳደረው በስልክ ጥገና ነው። እናት ዓለም፣ በሙያዬ አፍሬ ነው ያነበብኩት። ለማስታወቂያ ተብሎ ስልክ ፎርማት አይደረግም። መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ነው የሚታየው።

ሥራ ፈላጊዋ፣ የቫይረሱ ማስፈራሪያ ክሮም ሳይከፈትም ከላይ ብቅ የሚል ከሆነ ኖቲፊኬሽን ነው። አንድ ቀን «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይጫኑ» ሲልሽ ነክተሽው ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚያዘው በዚህ ነው። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ፤ የማታውቂውን ድረ ገጽ ሁሉ ብሎክ አድርጊ። እዚያው ፖፕ-አፕስ ኤንድ ሪዳይሬክትስ የሚለውና ኢንትሩሲቭ አድስ የሚለው መዘጋታቸውን እይ።

ምንም ሳትከፍቺ ሆም ስክሪን ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ የክሮም አይደለም፣ የጫንሽው አፕ ነው። ማስታወቂያው እንደወጣ ሳትዘጊው የቅርብ ጊዜ አፖች የሚታዩበትን በተን ንኪ፤ የማን እንደሆነ አርማው ያሳብቅበታል። እኔ ጋ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው በቴሌግራም የተላከ ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን የአፕ ፋይል) ወይም የባትሪ ማጽጃ ነኝ የሚል አፕ ነው። እሱን ማጥፋት ብቻ ነው።

ገጹ ራሱ ላይ ያለውን ለመከልከል ደግሞ፣ የስልክ ክሮም ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ስለማይቀበል፣ ፋየርፎክስ ጭነሽ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን የማስታወቂያ መከልከያ ጨምሪበት። ነጻ ነው። ብሬቭም ጥሩ ነው፣ መከልከያው አብሮት ይመጣል። እኔ ለእናቴ የጫንኩላት ብሬቭ ነው፣ ምንም መነካካት ስለማይፈልግ።

ምንም መጫን ካልፈለግሽ ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባል ሴቲንግ አለ፤ ስልኩ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቅበትን ሰርቨር መምረጫ ነው፣ ማስታወቂያ የሚከለክል ሰርቨር ትሰጪዋለሽ። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግስ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሞር ኮኔክሽን ሴቲንግስ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ዲኤንኤስ ነጥብ አድጋርድ ሰረዝ ዲኤንኤስ ነጥብ ኮም ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ። አፖች ላይም ይሠራል። ሆቴል ወይም ካፌ ዋይፋይ መግቢያ ገጹ እምቢ ካለሽ ለጊዜው አጥፊው።

ቡታጅራ፦
ይሄ ሁሉ ለምን? ኦፔራ ሚኒ።

ገርጂ፦
በዲኤንኤሱ የዩቲዩብ ማስታወቂያ ይጠፋል?

ጠጋኙ፦
አይጠፋም፣ ማስታወቂያው ከራሱ ከዩቲዩብ አብሮ ነው የሚመጣው። ዩቲዩብን በብሬቭ ወይም ዩብሎክ ባለበት ፋየርፎክስ ክፈተው።

ላፕቶፕ ብቻ፦
እኔ ኮምፒውተር ላይ ነኝ፣ ክሮም ዩብሎክ ኦሪጅንን አጠፋብኝ። ሌላ ሰውም ገጥሞታል?

ጠጋኙ፦
ሁሉም ሰው ገጥሞታል። ክሮም የኤክስቴንሽን ደንቡን ስለቀየረ ድሮ የነበረው አይሠራም። ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የሚባለው አለ፣ ትንሽ ደከም ይላል። ሙሉውን ከፈለግክ ፋየርፎክስ።

ታሪክ ወዳድ፦
የመጀመሪያውን የፖፕ-አፕ ኮድ የጻፈው ኢታን ዙከርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ትራይፖድ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ሲሠራ። የአንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያ የወሲብ ገጽ ላይ ወጣና ኩባንያው ተቆጣ፤ ከገጹ ለመለየት ነው በሌላ መስኮት ያወጡት። በፈረንጆቹ 2014 በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል።

ሰሚት 3፦
ይቅርታው ፓኬጅ አይመልስም።

እናት ዓለም፦
ከሪያድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉግል ላይ ምንም አልነበረም። ቴሌግራም ላይ ግን ከአክስቴ ቻት ውስጥ ሦስት ፎቶ አገኘሁ። አንዱ የሚስቅበት ነው።

ከሪያድ፦
እልልል! አሁኑኑ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ አስገቢው፣ ለወንድሞችሽም ላኪላቸው።

የመገናኛው፦
ደስ ብሎኛል እህቴ። ሥራ ፈላጊዋ፣ አድራሻውን ልኬልሻለሁ፣ እየው።

ገርጂ፦
ለአይፎንስ ምን ትላላችሁ?