ለአክሶሎትል መደበቂያ የቆየ የሸክላ ድስት ይሆናል?

እናት ከዳላስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ አክሶሎትልን፣ ያንን እንሽላሊት መሳይ የውኃ እንስሳ፣ በማይንክራፍት የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ካየችው ወዲህ ዓመት ሙሉ ስትወተውተኝ ቆይታ፣ ባለፈው ወር ለ11ኛ ዓመት ልደቷ አንድ ገዛሁላት። እንስሳው አሁን 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚኖረው 150 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነው። ሻጩ መደበቂያ እንደሚያስፈልገው ነግሮናል፤ ሱቅ ውስጥ ያየኋቸው የፕላስቲክ ዋሻዎች ግን ዋጋቸውም ጠርዛቸውም አላማረኝም። እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችልኝ፣ ለዓመታት ዶሮ ወጥ ስሠራበት ቆይቼ አፉ ስለተሸረፈ ያስቀመጥሁት የሸክላ ድስት አለኝ። በጎኑ አጋድሜ ባስገባው ደስ ይለኛል። ከማስገባቴ በፊት ምን ማድረግ ይገባኛል?

ገንዳ ጠባቂ፦
እኅቴ፣ ሐሳብዎ ያማረ ነው፤ ድስቱን ግን እንዳያስገቡት እለምንዎታለሁ። ሸክላው ገና አዲስ ሳለ ሲሟሽ ዘይት ጠጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ ቅቤውን፣ ሽንኩርቱንና በርበሬውን ሲመጥጥ ኖሯል። ለወጡ ጣዕም የሚሰጠው ይኸው ጠባዩ፣ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የጠጣውን ቀስ በቀስ እንዲመልስ ያደርገዋል። አክሶሎትል ደግሞ ቆዳው ስስና ቅርፊት የሌለው በመሆኑ፣ በውኃው ውስጥ ያለ ባዕድ ነገር በቀላሉ ወደ ሰውነቱ ይገባል። በተጨማሪም የአገራችን ሸክላ በአብዛኛው በገላጣ እሳት የሚተኮስ ስለሆነ፣ ለወራት ሳይወጣ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ሊፈረፈር ይችላል።

መደበቂያ ያስፈልገዋል መባልዎ ግን ትክክል ነው። ይህ እንስሳ የሚከደን የዐይን ቆብ የለውም፤ የትውልድ ቦታውም በሜክሲኮ ሲቲ የሚገኘው የሾቺሚልኮ ሐይቅና የቦዮቹ ድፍርስ ውኃ ነው። በጠራ ውኃና በመብራት ሥር መጠጊያ አጥቶ ሲውል ይጨነቃል።

ሸክላ ወዳጅ፦
ድስቱን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ቢያፈሉት የማይጠራ አይመስለኝም። ሁሉንም ነገር ከሱቅ መግዛት ግድ ነውን?

ገንዳ ጠባቂ፦
ማፍላት ከላይ ያለውን ስብ ያወጣል፤ ከውስጥ ያለውን ግን ጨርሶ አያወጣውም። በሳሙና ማጠብ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሸክላው ሳሙናውንም ይጠጣልና። ከተጠራጠራችሁ በባልዲ ውኃ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት ተመልከቱት።

ቧንቧ ሠራተኛ፦
ከሱቅ ዋሻ ሳይገዙ በቤት የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። እኔ ለሁለቱ አክሶሎትሎቼ የሠራሁት ከነጭ የፒ ቪ ሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ ነው። አዋቂው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፣ ስፋቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ርዝመቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ ይምረጡ። ሁለቱም ጫፎች ክፍት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከተደፈነ ቆሻሻ ውስጡ ይጠራቀማል፣ እንስሳውም ዞሮ ለመውጣት ይቸገራል።

ሥራው ያለው ጠርዙ ላይ ነው። በመጋዝ የተቆረጠ ቱቦ ለዐይን ለስላሳ መስሎ ከእንስሳው ራስ ጎን እንደ ላባ የተንጠለጠሉትን መተንፈሻ ስንጥቦች ሊቧጭር ስለሚችል፣ በመጀመሪያ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከሩ ይሞርዱት። ከዚያ አሮጌ የናይለን ካልሲ በእጅዎ አጥልቀው ጠርዙን ዙሪያውን ያሹት፤ አንዲት ክር እንኳ ከያዘች ሥራው አላለቀም። እኔ አለቀ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ቱቦው እንዳይንከባለል ከሥሩ ታይል መለጠፍ ይቻላል። የሚለጠፍበት ሲሊኮን (ማጣበቂያው) ግን ለዓሣ ገንዳ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ሊኖረው ይችላል። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ዓይነት ከሆነ፣ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ እኔ አንድ ሳምንት አቆየዋለሁ። ለጌጥ ብለው ጠጠር አይጨምሩ፤ አክሶሎትል ምግቡን የሚይዘው አፉን ከፍቶ ውኃውን በመሳብ ስለሆነ ጠጠሩን አብሮ ይውጠዋል፣ ሆዱም ይደፈናል።

የግድ ሸክላ ይሁን ካሉ፣ ያልተቀባና አፈር ያልገባበት አዲስ የአበባ ማሰሮ ይሆናል። ከታች ያለችውን ቀዳዳ ግን ይድፈኑ፤ ጭንቅላቱን አስገብቶ ሊቀረቀር ይችላል።

እናት ከዳላስ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሸክላ ወዳጅ እንዳሉት ድስቱን ሁለት ጊዜ አፍልቼ፣ ገንዳ ጠባቂ እንዳሉት ደግሞ በባልዲ አሳደርሁት። ጠዋት ላይ ውኃው ፊት ላይ ብጫ የቅቤ ዐይኖች ተንሳፍፈው ነበር፤ ጎንበስ ስል የኮረሪማ ሽታ አወደኝ። ድስቱን አድርቄ ወደ መደርደሪያው መለስሁት።

ቱቦውን ቆርጬ፣ ካልሲው መያዙን እስኪተው ከሞረድሁት በኋላ አስገባሁት። ሁለት ቀን ዞር ብሎም አላየው፤ በሦስተኛው ሌሊት ግን ጅራቱ ብቻ ወጥቶ አገኘሁት። አሁን ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለሚውል ልጄ «የማላየውን ምን ላድርገው?» እያለች ታኮርፋለች።

ቧንቧ ሠራተኛ፦
የሚንቀሳቀሰው ይበልጡን በጨለማ ነውና መብራቱን አጥፍታ አመሻሽ ላይ ትጠብቀው። የውኃውን ሙቀትም አብራችሁ ለኩ፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፣ ከ24 በላይ ግን ይጎዳዋል። የዳላስን በጋ ቱቦው አይከላከልለትም።