ኢታሊክ (ዘመም ያለ ዓይነት) የሌለውን ቦልድ (ወፍራም) ፎንት በሶፍትዌር ማዝመም ያዋጣል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የሩጫ ውድድር ፖስተር ሦስት ቃላት ብቻ ያሉት ትልቅ ርዕስ እያዘጋጀሁ ነው። ርዕሱ ፍጥነት እንዲታይበት ወፍራም፣ ጠበብና ዘመም ያለ ሳንስ ሰሪፍ (በመስመሮቹ ጫፍ ትንንሽ ጭረት የሌለው) ፊደል ፈለግሁ፤ የመረጥሁት ፎንት ግን ኢታሊክ ስላልነበረው ቀጥ ያለውን በሶፍትዌሩ 12 ዲግሪ አዘምሜ ተጠቀምሁ። በስክሪን ላይ ደህና መስሎኝ ነበር፤ በትልቁ አትሜ ሳየው ግን የላቲኑ ‹ኦ› የተጣመመ ጎማ መስሏል፣ የ‹ኤስ› ወገብም ከሌላው አካሉ ወፍሯል። ማዕዘኑን ብቀንስ ይስተካከላል?

1ኛ መልስ፦
ማዕዘኑን ቢቀንሱ ጉድለቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው የፊደሉን ግርጌ ባለበት አቆይቶ አናቱን ወደ ቀኝ መግፋት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ቀኝ ያዘነበለ መስመር ይበልጥ ይጋደምና ይቀጥናል፤ ወደ ግራ ያዘነበለው ደግሞ ቀና ይልና ይወፍራል። የ‹ኦ› የላይኛው ቀኝና የታችኛው ግራ ትከሻ የሚያብጠው፣ ሌሎቹ ሁለቱ የሚሳሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ የ‹ኤስ› ወገብም ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ስለሚወርድ ከሚወፍሩት ወገን ነው። በቀጭን ፊደል ብዙም የማያስታውቀው ነገር በቦልድ፣ ያውም በፖስተር መጠን፣ ዓይን ይወጋል። ፎንት ሠሪዎች ካዘመሙ በኋላ እነዚህን ኩርባዎች አንድ በአንድ የሚያርሙት ለዚህ ነው።

2ኛ መልስ፦
በዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የፊደል ነዳፊው አድሪያን ፍሩቲገር የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ዩኒቨርስ የተባለ የፎንት ቤተሰብ (አብረው የተነደፉ የፊደል ዓይነቶች ስብስብ) እያንዳንዱን ዓይነት በቁጥር ይለያል፤ የመጀመሪያው አሃዝ ውፍረትን፣ ሁለተኛው ስፋትንና ዝማሜን ያመለክታል። 67 ወፍራምና ጠባብ ሆኖ ቀጥ ያለው ነው፤ 68 ዘመም ያለው ጓደኛው ነው። ዘመም ያለው የራሱ ቁጥር ያለው፣ ለብቻው የተሠራ ፊደል ነው ማለት ነው። ለመሆኑ የእርስዎ ፎንት ከመነሻው ጠባብ ነው ወይስ ጨምቀውት ነው?

ጠያቂ፦
አልሸሽግም፣ ጠባብነቱም የእኔ ሥራ ነው። ወርዱን ወደ 75 በመቶ ዝቅ አድርጌው ነበር።

3ኛ መልስ፦
እንግዲያው ሁለት ጥፋት ተደራርቧል። ወርዱ 75 በመቶ ሲሆን ቋሚ መስመሮች ሩብ ያህል ውፍረታቸውን ያጣሉ፣ አግዳሚዎቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ስለዚህ አግዳሚው ከቋሚው ወፍሮ ፊደሉ ጠፍጣፋ ሸክም የተጫነበት ይመስላል። ለሦስት ቃላት ብቻ ከሆነ ፊደሎቹን በሶፍትዌሩ ወደ ቅርጽ (መስመሩ ወደሚስተካከል ሥዕል) ቀይሮ በእጅ ማረም ይቻላል፤ አንዳንድ የፎንት ፈቃዶች ግን መለወጥን ስለሚከለክሉ አስቀድመው ያንብቡ። እኔ ብሆን ጠባቡም ዘመም ያለውም አብረው የተነደፉበትን የፎንት ቤተሰብ እመርጣለሁ።

ጠያቂ፦
እንዳላችሁት አንድ ቤተሰብ አገኘሁ፤ የእሱን ‹ኦ› በእኔው ‹ኦ› ላይ ደርቤ አየሁት። የላይኛው ቀኝ ትከሻው ላይ የእኔው በግልጽ ተርፎ ወጥቷል። ፖስተሩን በአዲሱ እንደገና እያዘጋጀሁ ነው።