የአባቴ ኢምፕላንት ድድ ይደማል፤ በምን ቢጸዳ ይሻላል?

ጠያቂ (የአባቷ ልጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የታችኛውን መንጋጋ ጥርሳቸውን በኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል የቲታኒየም ብሎን) ካስተኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን ሲቦርሹ ይደማል፤ ድዱን ጫን ሲሉት መግል ይወጣል። አያማቸውም፣ ጥርሱም አይነቃነቅም። «ምንም አልሆንኩም» ብለው አስቸግረውኛል። አንዱ ክሊኒክ በሌዘር እናጽዳው አለን። ሌላው ድዱ ተከፍቶ በብሩሽ ይጽዳ፣ በመድኃኒት ይታጠብ አለ። አክስቴ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ይያዝበት ትላለች። ስኳርም አለባቸው። የቱን እንስማ?

የጥርስ ሐኪም፦
እህቴ፣ አለማመሙ አያዘናጋችሁ። ኢምፕላንት ዙሪያ ያለ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ሳያም ነው አጥንት የሚበላው። ብሎኑን ታች ያለው አጥንት እስከያዘው ድረስ፣ ላዩ ቢበላም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መጀመሪያ ራጅ ይነሱ። ሲተከል የተነሳው ራጅ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአዲሱ ጋር ይነጻጸራል። ከሌለ፣ ሲለካ የሚደማ ወይም መግል ያለው፣ ኪሱ (በድዱና በኢምፕላንቱ መካከል ያለው ክፍተት) 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የጠለቀ፣ አጥንቱም 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የወረደ ከሆነ ፔሪኢምፕላንታይተስ (አጥንት የሚበላው የኢምፕላንት ዙሪያ ኢንፌክሽን) ነው እንላለን።

የኢምፕላንቱ ገጽ ሆን ተብሎ ሸካራ ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ አጥንት አጥብቆ እንዲይዘው። አጥንቱ ሲወርድ ግን ያው ሸካራነት የባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። ባክቴሪያው የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርቶ በብሎኑ ጥምዝ ጥርሶች መሃል ይቀመጣል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ቢያፈሱበት ሽፋኑን አይገፈውም። ስለዚህ አስቀድሞ መፋቅ አለበት። በቲታኒየም ብሩሽ፣ የፕላስቲክ ጫፍ ባለው የአልትራሳውንድ መፋቂያ፣ ወይም ግላይሲን የሚባል ለስላሳ ዱቄት ከአየርና ከውሃ ጋር በሚረጭ መሣሪያ ይሠራል። ለተፈጥሮ ጥርስ የምንጠቀምበት የብረት መፋቂያ ቲታኒየሙን ይጭረዋል፤ በዚያ እንዳይነኩት። ማጠቡ ከዚህ በኋላ ነው፦ በሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ)፣ በ3% ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ወይም በክሎርሄክሲዲን። እኔ በብዙ ሳላይን ማጠብን እመርጣለሁ።

ኤርቢየም ያግ የሚባለው ሌዘር ባክቴሪያ ይገድላል። ሆኖም ከሌሎቹ ዘዴዎች በግልጽ ይበልጣል የሚያስብል ማስረጃ የለም። ሌዘር ስላለው ብቻ ክሊኒክ አትምረጡ።

ሃይጂኒስት (የጥርስ ጽዳት ባለሙያ) ከሜሪላንድ፦
ክራውኑ (ኢምፕላንቱ ላይ የሚገጠመው ሰው ሠራሽ ጥርስ) በሲሚንቶ የተጣበቀ ነው ወይስ በብሎን የታሰረ? ጠይቂልኝ። ድድ ሥር የቀረ ትርፍ ሲሚንቶ ካለ፣ እሱ ሳይወጣ በምንም ቢታጠብ ይመለሳል። ክራውኑ የሚወርድ ከሆነ ወርዶ ቢጸዳ እጅግ ይሻላል፤ መሣሪያው ዙሪያውን ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርቱ ይቅርባቸው፣ ድድ ያቃጥላል። የሦስት ወር ስኳራቸውንም አስለኩ፤ ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ ቶሎ አይድንም። ያጨሳሉ?

ታካሚ ነበርኩ፦
የእኔ ተከፍቶ ነው የጸዳው። በማደንዘዣ ስለሆነ ሲሠራ አላመመኝም፤ እብጠቱ የመጣው በኋላ ነው። ድዱ ሲድን ትንሽ ሸሽቶ ብረቱ ይታያል፤ አባትሽ እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ከታዘዘላቸው ከቀኑ አያሳልፉ። ጥርስ ያጠይማል፣ የምግብ ጣዕምም ያበላሻል።

የአባቷ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አያጨሱም። ድዱ የግድ መከፈት አለበት? ቤት ውስጥስ ምን እናድርግ?

የጥርስ ሐኪም፦
የቆጣው ድዱ ብቻ ከሆነ አይከፈትም። አጥንት ተበልቶም ቢሆን መጀመሪያ ሳይከፈት ይጸዳል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እንደገና ይለካል። ያኔም መግልና ጥልቅ ኪስ ካለ ይከፈታል። ኢምፕላንቱ ራሱ ከተነቃነቀ ግን ይወጣል እንጂ አይጸዳም።

ቤት ውስጥ ለስላሳ ብሩሽ፣ በተጨማሪም በጥርስ መሃል የምትገባዋን ትንሽ ብሩሽ በየቀኑ ይጠቀሙ። ሽቦዋ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ግዙላቸው። ለመግሉ ብላችሁ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ራሳችሁ አትግዙ። ቀጠሮውንም በዚህ ሳምንት ያዙ፤ መግል እየወጣ ባይቆይ ይሻላል። ሲለካ የተገኘውን ቁጥር ጻፊልን።